ዘመድ ያለው መንገደኛ

መስከረም 24

ለወንድሜ ለቅምቅማት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህና ትንሿ እንዴት ናቸው? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን፤ ያቆየን አምላክ ይመስገን። እናንተንም ከክፉ ይጠብቃችሁ።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። በደወልኩ ቁጥር «እትዬ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

ባለፈው እሑድ አባባን ልቀበል እዚህ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። ብርድ እንዳይመታቸው ወፍራም ካፖርት በክንዴ ይዤ ከመውጫው በር ፊት ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወጣ። አስተናጋጆቹ ወጡ። መጨረሻ ላይ ጽዳቶቹ መጥረጊያቸውን እየጎተቱ ወጡና አንዷ «እህቴ፣ ማንም አልቀረም» አለችኝ።

ወደ አገር ቤት፣ ወደ ስፌት ሱቃቸው ስደውል ስልኩን ያነሳችው ጎረቤታቸው፣ አዝራር ሻጯ ናት። «አባትሽማ እዚሁ ናቸው፤ ሻንጣቸውን ከስፌት መኪናው ሥር አስገብተው ተቀምጠዋል» አለችኝ። እሳቸው ደግሞ «ደክሞኝ ተመለስኩ» ብለው ዘጉት። አባባ ደከመኝ ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ?

የዚያን ጠዋት የአውሮፕላን ማረፊያው የፍተሻ ፈረቃ ያንተ ነበር። «እኔ ስላለሁ አታስቢ» ያልከኝ አንተው ነህ። ስለዚህ ያየኸውን ጻፍልኝ። የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀኙ ከክረምቱ ወዲህ እየደበዘዘ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ከአቅሜ በላይ ነው ብሏል። እዚህ ያለው ሐኪም ቀጠሮውን እስከ የካቲት ያቆይልኛል፤ ከዚያ ካለፈ ቢመጡም አይረዳቸውም። ዓይን የሌለው ልብስ ሰፊ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም።

የጠየቅከኝን ጫማ አግኝቻለሁ፤ ጥቁር፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ብረት የሚባል ያልነካው። ቁጥርህን እንደገና ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 9

ለማከብርሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የላይኛው አምላክ ሥራሽን ያቅናልሽ፣ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርሽ።

ስለ አባትሽ፣ ስለ ጋሼ አትጨነቂ። መንገዱ ሲቃረብ ልባቸው ፈራ መሰለኝ። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። እኛ ጋ ከበር የሚመለስ ሽማግሌ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ሻንጣውን ጥሎ ይሄዳል። ፍተሻውን በተመለከተ እንደማንኛውም ሰው ተፈትሸዋል።

የጫማ ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። የቀኝ እግሬ ትንሽ ያብጣል፤ ጠባብ እንዳይሆን። የብረት መፈተሻውን በር ስመላለስ እኔ ራሴ እያስጮህኩት አስቸግሬያለሁ፤ የአሁኑ ጫማዬ ተረከዙ ውስጥ ብረት አለው። ጓደኞቼ «ፈታሹን ማን ይፈትሸው» እያሉ ይስቁብኛል።

የኩሽናው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ በቆርቆሮ አስመታሁት። ትንሿ ትምህርት ቤት ገብታለች። የሒሳብ መምህሯ ወዷታል።

ጊዜ ሳገኝ ሱቅ ብቅ ብዬ ጋሼን አጽናናቸዋለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለሚስትህና ለትንሿ ጤና ይስጥልኝ።

«ጊዜ ሳገኝ» ብለሃል። ሱቁ ከቤትህ ሁለት አጥር አልፎ ነው። ሳትገባ አልፈህ ለመሄድ ሌላ መንገድ መዞር አለብህ። እየዞርክ ነው?

አባባን ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። አንድ ቀን ብቻ መለሱልኝ፤ «ያንን ልጅ ጠይቂው፤ እሱ ያውቃል» አሉኝና ወዲያው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ቅምቅማት አላሉም። በሱሪያቸው ጫፍ ተንጠልጥለህ ስላደግክ ያወጡልህን ስም ትተው «ያንን ልጅ» ነው ያሉህ።

ከበር ተመለሱ ያልከኝም ልክ አይደለም። አዝራር ሻጯ ታክሲ ይዛ ሸኝታቸዋለች፤ ከውጭ ሆና ሲገቡ አይታ ነው የተመለሰችው። የተመለሱት ከውስጥ ነው። አውሮፕላኑም ገና አልተነሳም ነበር።

አንተ ካልነገርከኝ ብዬ ለመሥሪያ ቤትህ ጻፍኩ። መልስ መጣልኝ፤ ሁለት መስመር። «የተጠቀሱት መንገደኛ ፍተሻ በአሠራሩ መሠረት ተከናውኗል። አሠራሩ ለደኅንነት ሲባል ለሕዝብ ይፋ አይደረግም።» ደጋግሜ አነበብኩት። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ተጠብቆለት ይሁን ተጥሶበት በምን ይለያል? እኔ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። በየክፍሉ በር ላይ በሽተኛው ምን እንደሚደረግለት ተጽፎ ተለጥፏል። ማንበብ ለማይችል ይነበብለታል። ከዚያ በኋላ ነው መርፌ የሚወጉት።

ነገሩን ለቅሬታ ሰሚው ጽሕፈት ቤት አቅርቤዋለሁ። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኼ አሠራር የሚሉት ምንድን ነው? አባባ ላይስ ምን ተደረገ?

ይኼን ካልነገርከኝ አባባ ዳግመኛ አይሳፈሩም። ምን እንደገጠማቸው ሳላውቅ ደግሞ ተነሱ ልላቸው አልችልም።

እህትህ


ኅዳር 30

ለተከበርሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። አምላክ ሐሳብሽን ይፈጽምልሽ።

መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው።

አቤቱታሽ ደርሷል። ኃላፊያችን ቢሮው ጠራኝ። ወረቀትሽ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በክርኑ ሸፍኖታል።

«ይቺ ሴት ምንህ ናት?» አለኝ።

«የአጎቴ ልጅ ናት።»

«የምትነግራት ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጥሩ። እንዳይኖር።»

ከዚያ ስለ ልጄ ትምህርት ቤት ጠየቀኝ፤ የት እንደምትማር፣ ክፍያው እንዴት እንደሆነ። ከዚያ በፊት ልጅ እንዳለኝ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ስንቀጠር የፈረምነው ነገር አለ። ስለ ፍተሻ ከማንም ጋር አናወራም፤ ከሚስቶቻችንም ጋር። ረጅሙ የምንለው ባልደረባችን ለአክስቱ አንዲት ነገር ተናግሮ ተባረረ። አሁን መኪና ያጥባል። ሰላም ስለው አይመልስልኝም፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ አቤቱታውን አንሺ። ጋሼ ላይ በክፋት የተደረገ ነገር የለም። ድሮ መግቢያው ላይ ሰሌዳ ነበር፤ አሁን የለም። ሰሌዳው ቢኖር ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ይኼንንም ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ጫማውን ተይው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ስቀበል መታየት አልፈልግም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ቅምቅማት፣

ሰላምታውን ዛሬ ላቆየው።

አባባ ተናገሩ። የተናገሩት ለእኔ አይደለም፤ ለአዝራር ሻጯ ነው። መርፌያቸው ላይ ክር እያስገባችላቸው ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። ሲጨርሱ ወጥታ ደወለችልኝ። ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ።

«ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ከስክሪኑ ፊት ተቀምጧል፤ ዩኒፎርሙ ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። አምጣው ላስተካክልልህ ልለው አሰብኩ። ደስ አለኝ። ቅምቅማት ብዬ ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና እጁን አነሳ። ሰላም ያለኝ መስሎኝ እኔም አነሳሁ። ወዲያው ሁለት ሰዎች መጥተው በግራና በቀኝ ያዙኝ። ዞሬ ሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጓል።»

ከዚያ ክፍል አስገቧቸው። ኮት አውልቅ አሏቸው፤ አወለቁ። ሸሚዝ አሉ። ሱሪ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የለካሁ ሰውዬ በካልሲ ቆሜ ተለካሁ» ነው ያሉት። ከኮቱ ኮሌታ ሥር ሁለት መርፌና ክር መቁረጫ ምላጭ ሲያገኙ ተያዩ። «ምን ልታደርግበት ነው የደበቅከው?» አላቸው ልጃቸው የሚሆን ሰው። አባባ «አልደበቅኩትም፤ ቤቱ እዚያ ነው» አሉት። መልሰው እንዲለብሱ ሲነግሯቸው አዝራር መቆለፍ አቃታቸው። ለሌላው ሰው ስንት አዝራር ተክለዋል።

እናትህ ስትሞት ከሱቁ ጥግ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ያስተኙህ እሳቸው ናቸው። አንተ ደግሞ አንድ ሰልፍ ሙሉ ሰው እያየ ጠቆምካቸው።

ጠቁመህ ከሆነ ለምን እንደጠቆምክ ንገረኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልነገርከኝ ቅሬታ ሰሚው ፊት አንተን ጠርቼ አስጠይቅሃለሁ። የተባረረው ረጅሙ ባልደረባህ ያሳዝነኛል። አባቴ ግን ይበልጥብኛል።

የአባባ ልጅ


ታኅሣሥ 27

ለእህቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ብትመልሺልኝም ባትመልሺልኝም።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ በማግስቱ ፈረቃዬን ለሌላ ሰጥቼ ሱቅ ሄድኩ። አዝራር ሻጯ በሩ ላይ ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ እንግዳ መጣልዎት» አለች።

ጋሼ ከስፌታቸው ቀና አላሉም። «ትፈትሸኛለህ ወይስ ትቀመጣለህ?» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። «እጄን ያነሳሁት እርስዎን ልጠቁም አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ዝንብ ልታባርር ነው?»

ነገርኳቸው። ለአንቺም ልንገርሽ። ፈታሽ ሰልፍ ውስጥ ዘመዱን ካየ እጁን ያነሳል። አንድ ቃል ሳይናገር ከወንበሩ ይነሳል፤ ሌላ ሰው ይተካዋል። ዘመዱ ደግሞ በሩ ጮኸበትም አልጮኸበትም ክፍል ገብቶ ሙሉ ፍተሻ ይደረግበታል፤ እንዳናዳላ፣ በዘመድ እጅ ነገር እንዳይተላለፍ። ደንቡ ይኼ ነው። ብዙዎቹ አያደርጉትም፤ አይተው እንዳላዩ ያሳልፋሉ። እኔ አደረግኩት።

«ዘመድህ ባልሆንስ ኖሮ?» አሉኝ።

«በሩ ይጮህ ነበር። መርፌዎቹን አውጥተው ይሰጧቸውና ያልፉ ነበር።»

«ስለዚህ ሱሪዬን ያወለቅኩት አጎትህ በመሆኔ ነው።»

«አዎ።»

አዝራር ሻጯ ከበሩ ላይ «እኔ ደግሞ ዘመድ የለኝም ብዬ ሳለቅስ ኖርኩ» አለች።

«ይኼ ነገር የት ተጽፏል?» አሉ ጋሼ።

«መግቢያው ላይ ሰሌዳ ነበር። እዚህ የሚሠራ ዘመድ ያለው መንገደኛ ሲገባ ይናገር፣ ዘመዱ በሌለበት መስመር ይለፍ ይል ነበር። በዚያ መስመር ሲያልፍ እንደማንኛውም ሰው ነው የሚፈተሸው። አነሱት።»

«ለምን?»

«ያወቀ ሰው ይጠቀምበታል ብለው።»

«እኔ ባውቅ ኖሮ ምን እጠቀም ነበር?»

«ሱሪዎን።»

ከአፌ አመለጠኝ። አዝራር ሻጯ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ጋሼ የስፌት መኪናውን አቁመው አቀረቀሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅኩም። ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ደረቅ ነበር።

«ቃል መናገር ክልክል ነው አልክ» አሉኝ። «በዓይን ማየትስ?»

ለዚህ ደንብ የለም። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር የሚል የትም አልተጻፈም።

ሌላም ነገር አለ። በጉዟቸው ዋዜማ ልሰናበታቸው ስሄድ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። መርፌዎቹ ከኮሌታው ሥር ሲያበሩ አይቻለሁ። ያውጧቸው ማለት ክልክል አይደለም። ግን ስለ ፍተሻ ከመንገደኛ ጋር አታውሩ የሚለው ነገር ምላሴ ላይ ተቀምጦ ስለነበር «መልካም መንገድ» ብዬ ወጣሁ። ጠንቃቃ ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሲሸኙኝ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እኔ አሁን አወቅሁ። ከኋላዬ የሚሰለፈው ሰውዬስ በማን ያውቃል?»

አቤቱታሽን አታንሺው። ከእኔ እንደሰማሽ ግን ለማንም አትናገሪ። ለራሴ አይደለም፤ ትንሿ የትምህርት ዓመቷን እስክትጨርስ ነው። ይኼን አደራ እልሻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 11

ለወንድሜ ለቅምቅማት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ቤትህ እንዴት ነው? እኛ ጋ ደስታ አለ፤ ሰጪው ይመስገን፣ ለእናንተም ያድርግላችሁ።

አባባ እዚህ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቷል፤ ፋሻው ባለፈው ሳምንት ተነሳ። እኔን ነበር ፊት ለፊት ያገኙት። ትንሽ አዩኝና «አርጅተሻል» አሉኝ። ቀጥለው መጋረጃውን አዩ። «ይኼን የሰፋው ሰው ሌላ ሥራ የለውም?»

እንዴት እንዳለፉ ሳትሰማ አትቀርም፤ የዚያን ዕለት እረፍት ስለነበርክ ከእሳቸው አፍ ልንገርህ። እዚህ በየማዕዱ ያወሩታል፤ ባለቤቴ በቃሉ ይዞታል።

ኮቱን ሱቅ ሰቅለው በሹራብ ነው የሄዱት። መግቢያው ላይ ሲደርሱ በር ጠባቂውን «የወንድሜ ልጅ እዚህ ይሠራል» አሉት።

«ማን ጠየቀዎት አባት?»

«ማንም። ዘመድ ያለው ሰው በሌላ መስመር ያልፋል፤ ደንባችሁ ነው። ሳይናገር ከገባ ሱሪውን ታስወልቃላችሁ።»

ድምፃቸውን ታውቀዋለህ። የስፌት መኪና አሸንፎ የኖረ ድምፅ ነው። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ከኋላቸው የነበረች ሴትዮ «እኔስ? እህቴ እዚህ ጽዳት ናት» አለች። አንዱ ደግሞ «ባለፈው እኔን ያስገቡኝ ለዚህ ነው እንዴ? አማቼ ሻንጣ ጫኝ ነው» አለ። በር ጠባቂው ግራ ተጋብቶ ኃላፊ ጠራ። ኃላፊው መጥቶ ሰዉን አየና በግራ በኩል ያለውን መስመር አስከፈተ። አባባ ጫማቸውን ብቻ አውልቀው አለፉ።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ጻፉልኝ። ጉዳዩን እየመረመሩ ነው፤ መሥሪያ ቤትህ ደግሞ የደንቡን ምስጢር ማን እንዳወጣ ይጠይቃል። እኔ አላውቅም ብያለሁ። አደራህን ጠብቄያለሁ።

አንተ ግን አልጻፍክም። ስልክህም አይነሳም። አባባ ዛሬ ጠዋት «ቅምቅማትን ጠይቂልኝ፤ እግሩ እንዴት ሆነ በይው» ብለውኛል። ቅምቅማት ነው ያሉት።

እህትህ


መጋቢት 3

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን አላችሁ? የጋሼን ዓይን ያበራ ጌታ ይመስገን። መጋረጃውን በጊዜ ቀይሪ፤ እስኪሄዱ ድረስ አይተዉሽም።

ያልጻፍኩት የምጽፈውን ስላላወቅኩ ነው።

ጋሼ ካለፉ በኋላ መግቢያው እንደ ድሮው አልሆነም። በየቀኑ አንድ ሁለት ሰው «ዘመድ አለኝ» እያለ ይመጣል። ወሬው ከታክሲ ተራ ጀምሮ ተሰምቷል። በር ጠባቂው መመለስ ሲሰለቸው የካርቶን ክዳን ቀዶ «ዘመድ ያላችሁ በግራ» ብሎ ጻፈና ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ኃላፊው አይቶ ገነጠለው። ሰዉ ግን አሁንም በግራ ነው የሚሄደው። በግራ የገባ ሰው ክፍል ሲገባ እስካሁን አላየሁም፤ የተደበቀ ነገር የያዘም አላገኘንም።

ትናንት ፈረቃው ሳይጀምር ሁላችንንም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሰበሰቡን። ወንበር አልነበረም፤ ቆምን። ኃላፊው የቅሬታ ሰሚዎቹን ደብዳቤ ይዟል።

«ሽማግሌው ደንቡን ከራሱ አላመነጨውም» አለ። «የነገረው ከዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ማን ነው?»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ካልተገኘ ፈረቃው በሙሉ ይታገዳል። ከአዲሷ ልጅ እንጀምራለን፤ የዚያን ዕለት ግራውን መስመር የሠራችው እሷ ናት።»

አዲሷ ልጅ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም። ከፊቴ ነበር የቆመችው፤ አንገቷ ላይ ያለው ደም ስር ሲመታ ይታየኛል። ለማንም ምንም አልነገረችም። ለመናገር የሚያበቃ ነገርም ገና አልተማረችም። ወደ ኃላፊው ቀና ብላ አይታ ፊቷን ወደ ልብስ ቁም ሳጥኖቹ አዞረች። ያ አዟዟር የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ስለ ትንሿ አሰብኩ። ስለ ረጅሙ አሰብኩ፤ በባልዲ ስለሚያጥበው መኪና። ጋሼ ከኋላቸው ስለሚሰለፈው ሰውዬ የጠየቁኝን አሰብኩ።

እጄን አነሳሁ።

ኃላፊው መጀመሪያ ጥያቄ ያለኝ መስሎት «ቆይ፣ በኋላ» አለኝ። አላወረድኩትም። ከዚያ ገባው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያደረገ አንድም አልነበረም። አዲሷ ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እሷም አየችኝ።

አደራውን አንስቼልሻለሁ። ለቅሬታ ሰሚዎቹ ከማን እንደሰማሽ ንገሪያቸው። ሰሌዳው ወደ ቦታው እንዲመለስም ጠይቂልኝ፤ ብትፈልጊ ጽሑፉን እንዳለ እነግርሻለሁ፤ በየቀኑ እያነበብኩት ነበር የምገባው።

እግሬ ደህና ነው፤ ለጋሼ እንደዚያ በያቸው። ጫማውንም ላኪልኝ። ብረት ያለበት ቢሆንም ግድ የለም፤ በዚያ በር ከእንግዲህ አላልፍም።

ቅምቅማት